የጠፋው ቆርቆሮና የመደመጥ መብቴ

ኅዳር 2 ቀን 2017፣ ሰኞ

ይህን ደብተር ዛሬ ገዛሁ። ምክሩ የጫንያለው ነው። ጫንያለው ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ዣንጥላ ዘርግቶ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነው፤ ከኪራሙ ተፈናቅሎ መጥቶ ነቀምቴ ላይ በብዕሩ ያድራል። «ገብረመስቀል፣ የሚደርስብህን በደል ቀን በቀን ጻፈው፤ ክርክር ላይ ይጠቅምሃል» አለኝ። በደሌን ሁሉ ልጻፍ ካልኩማ ደብተሩ የሚበቃኝም አይመስለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ከግብር ቢሮ ውሳኔ ደረሰኝ። ኦዲተሩ ኢቢሳ የግዢ ደረሰኞቼን ከመጋዘኔ ጋር ሲያመሳክር መቶ ሃያ ቅጠል ቆርቆሮ አጣሁ ይላል። በደረሰኝ ገብቷል፣ መጋዘን ውስጥ ግን የለም፤ የሽያጭ ደረሰኝም አልተቆረጠለትም። «ስለዚህ ያለ ደረሰኝ እንደተሸጠ ተቆጥሮ ቫቱን ከነቅጣቱ ይክፈሉ።» ቅጣቱን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ያን ከፍዬ ሱቅ አይኖረኝም። ካልከፈልኩ ደግሞ ይታሸጋል፤ ያው ሱቅ አይኖረኝም።

እኔን ግን ማን ጠየቀኝ? ማን አደመጠኝ? ኢቢሳ ለቆጠራ የመጣ ቀን «ኦቦ ገብረመስቀል፣ ይሄ ቆርቆሮ የት ሄደ?» አለኝ። እኔም ስለ ነጋዴ መከራ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጫኝና አውራጁ፣ ስለ ቤት ኪራዩ በሰፊው አስረዳሁት። ልጁ እስክሪብቶውን ከድኖ ሄደ። ይሄ ነው እንግዲህ ሰው ማድመጥ!

ቆጠራ አለመቻሉ ነው እንጂ ቆርቆሮውማ አለ። ባለቤቴ ድርቤ «እስቲ ራስህ ቁጠረው» አለችኝ። አልቆጥርም። ብቆጥር ተጠራጠርኩ ማለት ነው።

ማታ ድርቤ ውሳኔውን ደጋግማ አነበበችና በልጃችን ስም ጠርታኝ «አባ መክሊት፣ ያኔ አንተ ለመስቀል አገርህ ሄደህ ሳለህ…» ብላ ጀመረች። ይኸውላችሁ! የሲሬ ልጅ ናት፤ ነገር ስትጀምር ከሩቅ ነው። መድረሻው ግን የታወቀ ነው፤ ለመስቀል ያወጣሁትን ልታነሳብኝ ነው። ጉራጌ ሆኜ ለመስቀል አገሬ ካልገባሁ ሰው ነኝ? ሱቁን ለእሷ ትቼ ሦስት ሳምንት መቆየቴን እስከ ፋሲካ ልሰማው ነው። ተነስቼ ተኛሁ።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

ጠቋሚውን አገኘሁት። ታፋ ነው።

ታፋ ጎረቤቴ ነው፤ እንደኔው የግንባታ ዕቃ ነጋዴ፣ ግድግዳችን አንድ። በዚህ የሱቆች መስመር የኖርነው እየተበዳደርን ነው። ደንበኛ መጥቶ እኔ ጋ ሚስማር ካለቀ ከታፋ አስመጣለሁ፤ ጭነቴ ሲገባ ያንኑ በዓይነት እመልሳለሁ። እሱም እንደዚያው። ደረሰኝ የለ፣ ወረቀት የለ፣ ቃል ብቻ። ስንት ዓመት እንዲህ የኖርነው ሰው! ዛሬ ኢቢሳ ከእሱ ሱቅ ሲወጣ አየሁት። ታፋም እኔን ሲያይ ዓይኑን ሰበረ። ንጹሕ ሰው ለምን ዓይኑን ይሰብራል?

ከዛሬ ጀምሮ ሰላምታ አቁሜያለሁ። ከሰዓት በኋላ «ገብሬ፣ አካም ኦልቴ» ሲለኝ ሚዛን ሳስተካክል ነበርኩ። ሚዛኑ ምንም አልሆነም።

ለድርቤ ነገርኳት። «ታፋ? ኧረ በጌታ! ስማኝማ፣ ታፋ እኮ ያኔ ጭነቱ መንገድ ላይ ቆሞበት…» አለች። «የሱን ጭነት ለሱ ተይለት!» አልኳት። ባሏ ሱቁ ሊታሸግበት ነው፣ እሷ ለሰው ጭነት ታዝናለች።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ቅሬታዬ ገባ። በቀነ ገደቡ ውስጥ። ማኅተም አለው።

ጫንያለው አሥራ አንድ ገጽ ጻፈልኝ። ርዕሱ «የመደመጥ መብቴ ስለመጣሱ» ይላል። ሳነበው እንባዬ መጣ። የሚያስከፍለው በገጽ ነው፤ ቢሆንም ያንጀቴን ነው የጻፈው። ቢሮው የሚሠራው በኦሮምኛ ስለሆነ ተርጓሚው ደግሞ አሥራ አራት ገጽ አደረሰው፤ እሱም በገጽ ነው።

ድርቤ ቁጭ ብላ ከዳር እስከ ዳር አነበበችው። «ቆርቆሮው የት እንዳለ የሚል አንድ መስመር የለበትም» አለች። ሕግ አታውቅም፣ አልፈርድባትም። ጫንያለው እንዳለኝ መጀመሪያ መብት ነው፣ ፍሬ ነገሩ በኋላ ይመጣል።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

የዛሬው ጉድ ነው!

የታፋ ጭነት ከአዲስ አበባ ገባ። ከምሳ በኋላ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳለሁ የኮቴ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀና ስል ጋሪ ሙሉ ቆርቆሮ በሬ ላይ ቆሟል። ተረፋ የሚባለው የጫኞቹ አለቃ «ኦቦ ታፋ ልኮን ነው። መቶ ሃያ ነው፣ ቆጥረን አምጥተናል። የት እናስቀምጠው?» አለኝ።

መቶ ሃያ! የጠፋብኝን ቁጥር እንኳ ያውቃል! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? የጠቆመው እሱ ባይሆን ቁጥሩን ከየት ያገኘዋል? ዘዴው ወዲያው ገባኝ። ደረሰኝ የሌለው ዕቃ መጋዘኔ ውስጥ ያስገባና ኢቢሳን ይጠራዋል። ከዚያማ «ደብቆ ነበር» ተብዬ አለቀልኝ።

«መልስልኝ! አንዷን ቅጠል እዚህ ብታወርድ ፖሊስ ነው የምጠራው!» አልኩት። ተረፋ «ኧረ ኦቦ፣ ይሄ እኮ የርስዎ…» ሲል «የኔ ምን? የኔ ጥፋት?» ብዬ ጮህኩበት። መስመሩ ሁሉ ወጥቶ አየ። ታፋ በሩ ላይ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ቆሞ ነበር። ዘዴው ከሸፈበት።

አባረርኳቸው። ኅዳር ከገባ ወዲህ እንደዛሬ የረካሁበት ቀን የለም።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ጾም ገባ። ሆዴ ባዶ፣ ንዴቴ ሙሉ። ገበያ የለም። የግብር ቢሮ መልስ የለም።

ድርቤ ምሳ ሰዓት ላይ መጥታ በሩን ገርበብ አደረገችና «ዛሬ ሳልጨርስ አትነሳም» አለች። «እሺ፣ ተናገሪ» አልኩ። «ያኔ አንተ አገርህ ሳለህ» አለች። «እሱን ሰምቼዋለሁ፣ ወደ ዋናው ግቢ» አልኳት። ተነስታ ወጣች። ምን አልኩ? ወደ ዋናው ግቢ ነው ያልኩት።

ኅዳር 22፣ እሑድ

ታፋ ጃርሳ ላከብኝ። ሦስት ሽማግሌ፣ እሱ ከኋላ አንገቱን ደፍቶ። ፊት የመጡት ኦቦ ነመራ ናቸው፤ ከተማው የሚያከብራቸው፣ ጡረታ የወጡ መምህር። በጾሜ ምን ላቅርብ? ድርቤ ግን ቀድማ ወንበር አዘጋጅታ ነበር። እንደሚመጡ ታውቅ ነበር ማለት ነው።

ኦቦ ነመራ ቆመው መመረቅ ጀመሩ። ቤቱን መረቁ። ልጄን መክሊትን መረቁ። ሱቁን፣ ከብቱን (ከብት የለኝም)፣ አገሩን፣ ዝናቡን። ዝናቡ ላይ ሲደርሱ ትዕግሥቴ አለቀ። «አባቴ፣ ገብቶኛል! ጠቁሞብኝ ሲያበቃ ከእናንተ ጀርባ ተከልሎ ይቅርታ ሊጠይቅ ነው! ይቅርታ ከፈለገ ግብር ቢሮ ሄዶ እውነቱን ይመስክር!» አልኩ።

ታፋ ብድግ አለ። «እኔም እኮ ገብሬ…» አለ። «ተቀመጥ!» አልኩት።

ኦቦ ነመራ እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። «ልጄ፣ ይዘነው የመጣነውን ገና አልተናገርንም» አሉ። «አያስፈልግም፤ ጉዳዬ በሕግ ተይዟል» አልኳቸው። ተነሱ። የቀረበላቸውን ሳይቀምሱ ወጡ። ድርቤ እስከ መንገዱ ሸኘቻቸው፤ ከታፋ ጋር ብዙ ቆማ አወራች። ስትገባ አላየችኝም።

ሽማግሌ ቆሞ ሲመርቅ አይቋረጥም። አውቃለሁ፣ ይህን አገር የማላውቅ አይደለሁም። ጥሩ አልሠራሁም፣ ምሽቱን ሁሉ ሲቆጠቁጠኝ አመሸ። ግን እኔንስ ማን ሳያቋርጥ አደመጠኝ?

ታኅሣሥ 2፣ ረቡዕ

ተጠራሁ! ቅሬታ አጣሪው ኮሚቴ ሰኞ ቀርበህ አስረዳ አለኝ። በጽሑፍ፣ በስሜ። እንዲህ ነው እንጂ መንግሥት!

አሥራ አንዱን ገጽ ጮክ ብዬ እየተለማመድኩ ነው። ቤቱ ውስጥ እስከ መጨረሻው ያደመጠችኝ መክሊት ብቻ ናት። ስጨርስ ሳያት እንቅልፍ ወስዷት ነበር፤ አምስት ዓመቷ ነው።

ድርቤ «ሰኞ ምስክር ይቀበላሉ?» አለችኝ። «ምስክር ለወንጀለኛ ነው» አልኳት።

ታኅሣሥ 7፣ ሰኞ

ተደመጥኩ። አንድም ሳይቀር።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሰብሳቢዋ አዴ ደራርቱ ይባላሉ፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ረጋ ብለው የሚናገሩ ሴት። ኢቢሳ ጥግ ይዟል። «በአማርኛ ልናገር፤ ለንግድ ኦሮምኛዬ ይበቃኛል፣ ለንዴት ግን አይበቃኝም» አልኩ። ሳቁና ፈቀዱልኝ።

«ኦቦ ገብረመስቀል፣ ጥያቄያችን አንድ ነው። ቆርቆሮው ካልተሸጠ የት ነው?» አሉኝ አዴ ደራርቱ።

«እሱ ጋ እደርሳለሁ» ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። እንዴት ያለ ንባብ! ድምፄ ኮሪደሩን ሞላው። ሰባተኛው ገጽ ላይ ሴትዮዋ ጥያቄውን ደገሙት። «እያቋረጡኝ ነው፣ ይመዝገብልኝ!» አልኩ። ተመዘገበ። ከዚያ ወዲያ ማንም ትንፍሽ አላለም። አንደኛው አባል ሰዓቱን ሲያይ ነበር፤ እሱንም አስመዘገብኩት።

ስጨርስ ውሃ ሰጡኝ። «ምስክር አለዎት?»

«የለኝም! እውነት ምስክር አያስፈልጋትም!»

«ራስዎ የቆጠሩበት ነገር?»

«መቁጠር የኢቢሳ ሥራ ነው!»

አዴ ደራርቱ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አውርደው ትንሽ አዩኝና ቃለ ጉባኤውን አስፈረሙኝ። «ቅሬታ አቅራቢው በሰፊው ተደምጠዋል» ይላል። ደስ ብሎኝ ፈረምኩ።

ስወጣ ኮሪደሩ ላይ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ፣ ድርቤና ታፋ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ታፋ ኮት ለብሷል። ውድቀቴን ለማየት ኮት! ድርቤ ብድግ ብላ «ጠሩን?» አለችኝ።

«ማንን?» አልኳት።

ታኅሣሥ 11፣ ዓርብ

ወደቅሁ።

የኮሚቴው የውሳኔ ሐሳብ፦ «ቅሬታ አቅራቢው በሰፊው ተደምጠዋል። ስለ ቆርቆሮው የተናገሩት የለም። ምስክር የለኝም ብለዋል። የኦዲቱ ውሳኔ ይጽና።» የቢሮው ኃላፊ ሲፈርምበት ሱቁ ይታሸጋል። ማስጠንቀቂያውን በሬ ላይ ለጥፈውት ሄዱ፤ የሚያልፈው ሁሉ ቆሞ ያነበዋል። ከአርጆ የመጣ ደንበኛዬ አንብቦ ሳይገባ ተመለሰ።

ጫንያለው «ለይግባኙ ሃያ ገጽ ያስፈልገናል» አለኝ። ትቼው ወደ ሱቄ ሄድኩ።

ፈራሁ። ለማንም አልተናገርኩም፣ እዚህ ግን ልጻፈው፤ ፈራሁ። ከዚህች ሱቅ ሌላ የማውቀው ሥራ የለም። ልጅ አለችኝ። ከዕቃው ሁሉ መሀል ቆሜ መጋዘኑን ቆጠርኩት፤ በሩን ዘግቼ፣ ማንም ሳያየኝ። ኢቢሳ ቆጠራ ይችላል።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

ድርቤ ዛሬ ከሩቅ አልጀመረችም። ቆማ ነው የተናገረችው።

«ቆርቆሮውን ለታፋ ያበደርኩት እኔ ነኝ። ጭነቱ ሲገባለት መለሰልህ። አንተ አባረርከው።»

አለቀ። ይኼው ነው። ስንት ገጽ ያልተጻፈለት!

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

መጀመሪያ አየችኝ። ቀጥላ ሳቀች። ሳቋ እየቆየ ወደ ሌላ ነገር ሄደና ፊቷን አዞረች። ልነካት እጄን ስዘረጋ ገፋችው።

ጋሪው ትዝ አለኝ። ታፋ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ የቆመው ትዝ አለኝ። ኮቱም። ሊመሰክርልኝ ነበር የለበሰው። ወይ ገብረመስቀል! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን አሁንም አንድ ነገር ከነከነኝ፤ «መቶ ሃያ ቅጠል እኮ ነው፣ ሚስማር አይደለም! ያን ሁሉ ያለ ወረቀት እንዴት ትሰጪያለሽ?» አልኳት። «እንዴት እንደሰጠሁማ…» ብላ ስትጀምር «ገባኝ፣ ገባኝ፣ ለጉርብትናው ብለሽ ነው» አልኳት። አፌን ይዝጋው! ከተናገርኩ በኋላ ነው የታወቀኝ። እሷም አልቀጠለችም።

«ሰኞ ሰዎቹ ጋ ሄጄ አስረዳለሁ» ስል «አንተ የትም አትሄድም። ውክልና ስጠኝ» አለች።

ታኅሣሥ 15፣ ማክሰኞ

ውክልናውን ሰጠኋት። ለኃላፊው ማመልከቻ ጻፈች፤ በራሷ እጅ፣ በኦሮምኛ፣ ግማሽ ገጽ። ከመፈረሙ በፊት ምስክሩ እንዲሰማ። ተፈቀደላት። ጫንያለው ሲሰማ «በግማሽ ገጽ መብት ሲከበር አይቼ አላውቅም» ብሎ አኮረፈ።

ታፋ ሱቅ ድረስ ልሄድ ተነሳሁ። ሁለት ጊዜ። እግሬ በሩ ጋ ሲደርስ ይመለሳል። ምን ብዬ እጀምራለሁ?

ታኅሣሥ 22፣ ማክሰኞ

ድርቤና ታፋ ገቡ። እኔ ወኪል ስላቆምኩ ውጭ ጠብቅ ተባልኩ። አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በሩ በደንብ አይገጥምም፤ የሚወራው ሁሉ ይሰማል።

ድርቤ እንደ ልማዷ ከሩቅ ጀመረች። ሰላምታ አቀረበች፣ ለጊዜያቸው አመሰገነች። ከዚያ «ባለቤቴ ለመስቀል አገሩ ሄዶ ሳለ» አለች። ሌላ ጊዜ የምነሳው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ የምሄድበት የለኝም። የተናገረችው በኦሮምኛ ነው፤ እዚህ በአማርኛ የምጽፈው ያን የሰማሁትን ነው።

«ልጃችን መክሊት ወባ ያዛት። ዘንድሮ ወባው እንዴት እንደነበር ታውቃላችሁ። ሆስፒታል ሳደርሳት ዓይኗ አይገለጥም። ደሟ አልቋል፣ ደም ካላገኘች አታድርም አሉኝ። የኔ አይገጥምም። ለባለቤቴ ደወልኩ። ድግስ ላይ ነበር፣ ጭፈራው ይሰማል። ‹ጫጫታ ነው፣ አይሰማኝም፣ ነገ ደውይ› ብሎ ዘጋው። ደግሜ ስደውል ስልኩ ጠፍቷል። ከመስመራችን የመጣልኝ ታፋ ነው። ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ደሙን ሰጣት። አልበቃትም አሉ፤ ወንድሙን ከቤቱ ጠርቶ እሱም ሰጠ። እስክትነቃ አብሮኝ ቆየ። በሳምንቱ የራሱ ጭነት መንገድ ላይ ቆመበት። ለትምህርት ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ ሊያቀርብ ቃል ገብቶ ነበር። መጋዘኑን ከፍቼ ውሰድ አልኩት። ደረሰኝ አልቆረጥኩም። ለልጄ ደሙን ለሰጠ ሰው ምን ብዬ ደረሰኝ ልቁረጥ?»

ያ ስልክ ትዝ ይለኛል። ከአገሬ ስመለስ ደግሞ በር ላይ ተቀብላኝ «መክሊት ወባ ይዟት…» ስትል «ድናለች አይደል?» ብዬ ሱቅ ለማየት አልፌያት ሄጃለሁ። ልጄ ልትሞት እንደነበር ያወቅሁት በግብር ቢሮ በር ስንጥቅ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ያሉት ባዳዎች ናቸው፤ ይህን የሰሙት ከኔ ቀድመው ነው፣ ስላላቋረጧት። አለቀስኩ። የጥበቃው ሰውዬ አይቶኝ ፊቱን አዞረልኝ።

ከዚያ የአዴ ደራርቱ ድምፅ መጣ፦ «አዴ ድርቤ፣ ሕጉ ለብድርም ወረቀት ይጠይቃል፤ ለሱ ልንቀጣችሁ እንችላለን። ሽያጭ ግን አይደለም።» ታፋ ስለ ጋሪው መሰከረ፤ ሲመሰክር እኔን አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ተረፋም ተጠርቶ መጣ። ነገ ኢቢሳ ሁለቱንም መጋዘን እንዲቆጥር፣ እስከዚያ ሱቁ እንዳይታሸግ አሉ።

በሩ ተከፈተና ጠሩኝ። ገባሁ። ወንበር ላይ ያሉት ሁሉ ወደኔ ዞሩ፤ ታፋ ኮቱን ለብሶ፣ ድርቤ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ። አዴ ደራርቱ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ።

«ኦቦ ገብረመስቀል፣ ባለመብቱ እርስዎ ነዎት። ከመዝጋታችን በፊት የሚሉት ካለ እናደምጣለን፤ ማንም አያቋርጥዎትም።»

«የለኝም» አልኩ። ድምፄ አልወጣ ኖሮ ደግመው ጠየቁኝ።

«የለኝም፣ አዴ። እሷን ግን፣ የቀራት ካለ፣ ጠይቁልኝ።»